እንቁራሪት ቆጥሮ መኖር ይቻላል? የአንዲት የድሬ ልጅ ጉዳይ

ባዮሎጂ የሚወዱ ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ከመምህርነት ሌላ ምን አለ? እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ስለማስተምር ጥያቄው ትንሽ ይቆጠቁጠኛል፤ ግን እረዳቸዋለሁ። ያኔ የማነሳላቸው አንድ ሰው አለ። አብሮ አደጌ ናት፣ የገንደ ቆሬ ልጅ። እንቁራሪት ታጠናለች። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀችኝ "ዶክተሯ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰፈር ውስጥ ግን ማንም እንዲህ አይላትም፤ "አቦ ያቺ የጓጉንቸሯ" ነው የሚሏት። እናቷ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ልጃቸው ዶክተር መሆኗን የሰማ ጎረቤት ሁሉ የደም ግፊት መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸውም "የኔዋ የሰው አይደለችም" እያሉ ይመልሳሉ።

ጉዳዩን ባጭሩ ላስቀምጥ። በባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች ላይ ሠርታ ሦስተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ውጭ አገር የመቅረት ዕድል ነበራት። አዲስ አበባም ደህና ደሞዝ ያለው የፕሮጀክት ሥራ ቀርቦላት ነበር። ሁለቱንም ትታ ወደ ምሥራቅ ተመለሰች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች፤ በተረፋት ጊዜ (ትርፍ ጊዜ ከተባለ) የሐረርጌ ደጋና የድሬ ቆላ እንቁራሪቶችን ትቆጥራለች። ይህ ነገር እዚህ አገር ሙያ ሆኖ ይዘልቃል ወይ? የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ይዘልቃል፤ ግን የሚያዘልቀው ብርቅዬዋን አግኝቶ ፎቶ መነሳት አይደለም። የሚያዘልቀው አንድን ቦታ ይዞ፣ ያንኑ ነገር፣ በዚያው መንገድ፣ ዓመት እስከ ዓመት መቁጠር ነው። ችግሩ ለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ የለም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን እንቁራሪት ምን ሆነች?

እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ ከ8,000 በላይ የአምፊቢያን ዝርያዎችን መርምሮ 41 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው አለ። አምፊቢያን ስል ክፍል ውስጥ እንቁራሪት አስተኔ የምንላቸውን ማለቴ ነው፤ እንቁራሪት፣ ጓጉንቸር፣ ሳላማንደር፣ እንዲሁም አፈር ሥር የሚኖሩ እግር አልባዎቹ። ከአጥቢዎችም ከአዕዋፍም የባሰው ቁጥር የእነሱ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መነሻው ግን ቆዳቸው ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ በቆዳዋ ውሃ ትጠጣለች። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለ መርዝ ሁሉ ሳይጠየቅ ይገባል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ግማሽ ሕይወታቸውን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚኖሩት፤ ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ኑሯቸው ተናጋ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚህ አገር ውጭ የትም የሉም። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ዋልያንና ቀይ ቀበሮን የማያውቅ የለም፣ ቴምብር ላይ አይተናቸዋል። ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የምትባለውን ድብልብል፣ አፍንጫ አልባ የምትመስል እንቁራሪት ግን ማን ያውቃታል? በዓለም ላይ የምትገኘው ባሌ ብቻ ነው፤ ያውም በሐረና ጫካ የላይኛው ጫፍ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ አስታ ዛፍ ሥር። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እህት የላትም፤ በወገኗ (በጂነሷ) ብቸኛዋ ዝርያ ናት። ዛሬ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዝግባለች።

ዶክተሯ ይህን ሁሉ አስባበት አልገባችም። ፋርማሲ ነበር የፈለገችው፣ ምደባው ባዮሎጂ ሰጣት። እንደ አብዛኞቻችን። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትጨርስ ሥራ ስላላገኘች ማስተርስ ቀጠለች። አራት ኪሎ የእንስሳት ሙዚየም ውስጥ በአልኮል ብልቃጥ የተቀመጡ እንቁራሪቶች ስታይ ነው ነገሩ የያዛት። ያየችው እንስሶቹን ብቻ አልነበረም፣ መለያ ወረቀቶቹን ነው። ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታ፣ የሰብሳቢው ስም። ሰብሳቢዎቹ ከሞላ ጎደል ፈረንጆች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው ማልኮልም ላርገን የአገራችንን እንቁራሪቶች ዝርዝር እንደ መዝገብ አዘጋጅቶ ትቶ ሄዷል። በስሙ የተሰየመች ጓጉንቸርም አለች፣ አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 አሊስ ግራንዲሰን ናት ለሳይንስ ያስተዋወቀቻት። የባሌ ነዋሪ ናት። እንቁላሏን ኩሬ ውስጥ አትጥልም፣ እርጥብ መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ከኢትዮጵያውያን ደግሞ አበበ አመሃ መንግሥቱ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ስዊዘርላንድ ባዝል ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይ ሦስተኛ ዲግሪውን ሠርቷል። "እሱ ባይኖር ይህ የሐበሻ ሥራ ነው ብዬ አላስብም ነበር" ትላለች።

ባሌ ላይ አንድ ጊዜ ተከትያት ሄጃለሁ። እርዳታ ሳይሆን ሸክም ነበርኩ፤ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ይህን ሥራ ሲያስብ የሚመጣለት ጫካ ውስጥ በካሜራ መዞር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሱቅ ነው። በረኪና ትገዛለች፣ ብዙ በረኪና። ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ ከመሻገራችን በፊት ቦቲያችንን በብሩሽ ፈግፍገን ጭቃውን አውጥተን በበረኪና ውሃ እንነክራለን፤ መረቡም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ለአንድ ፈንገስ ነው። ኪትሪድ ይሉታል። የእንቁራሪት ቆዳ ውስጥ ገብቶ የምትወስደውንና የምታስወጣውን ጨው ያዛባል፣ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህ በሽታ ቢያንስ ለ501 ዝርያዎች ቁጥር መቀነስ አስተዋጽኦ እንዳደረገና ከእነዚህ 90 ያህሉ ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚገመት ጽፏል። አንድ በሽታ ይህን ያህል የዱር እንስሳ ዝርያ የጎዳበት ሌላ ጊዜ አይታወቅም። ኢትዮጵያ ደጋ ላይም ፈንገሱ በሰፊው እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ታውቋል። እና ቦቲ ማጠብ ቀልድ አይደለም፤ የሚያጠፋውን በሽታ የሚያዛምተው አጥኚው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሌሊት ነው። ብርድ። ግንባሯ ላይ ባትሪ ታስራ ከጅረቱ ዳር እየጎነበሰች ትሄዳለች፣ እኔና አንድ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ከኋላ። አንዷን ስትይዝ አዲስ ጓንት ታጠልቃለች፤ ለእያንዳንዷ እንቁራሪት አዲስ ጓንት፣ አዲስ ፌስታል። በጥጥ ዘንግ ሆዷን፣ ጭኖቿን፣ በእግር ጣቶቿ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ አምስት አምስት ጊዜ ታሻለች። ጥጡን ትንሽ ቲዩብ ውስጥ ሰብራ ትከተዋለች፣ ቁጥር ትጽፍበታለች። ርዝመቷን በካሊፐር ትለካለች፣ ትመዝናታለች፣ ከዚያ በትክክል ከያዘችበት ድንጋይ ሥር ትመልሳታለች። ከጎኑ አይደለም፣ ከሥሩ። እንቁራሪቷ ግን አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ስትፈለግ አትገኝም። ያኔም ይጻፋል። "ዜሮ መረጃ ነው" ትላለች፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ባትሪ መያዝ አቅቶኝ ስነጫነጭ። እኔ በዚያች ሰዓት የፈለግኩት ሻይ ነበር።

ዜሮው ግን እውነትም መረጃ ነው። ስለ ባሌ እንቁራሪቶች ካሉት ሁሉ ከባድ ክብደት ያለው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሪክስ በተባለ መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ነበሩበት። ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት አገኘ? ይህን የዛሬ ቁጥር ከአሥርት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ ከተፈለገው ጋር አነጻጸሩ። ባሌ ላይ ብቻ የሚገኙ ወገኖች ውስጥ አሳሳቢ ማሽቆልቆል አዩ። ፈንገሱ አለ፣ ነገር ግን ጣት የተቀሰረው በዋናነት መኖሪያቸው ላይ በደረሰው ጉዳት ነው፤ የተመነጠረው ደን፣ ከብት የረገጠው የጅረት ዳር፣ ለማገዶ የተቆረጠው አስታ። ልብ በሉ፣ ድሮ የፈለገው ሰው ቆጥሮ ባይጽፍ ኖሮ ማንም ምንም ማለት አይችልም ነበር። እንቁራሪት በተፈጥሮዋ አንድ ዓመት ትፈላለች፣ በሚቀጥለው የለችም፤ የሁለት ዓመት መረጃ ይዞ "ጠፋች" ማለትም "አለች" ማለትም አይቻልም። ዶክተሯ ወደ ምሥራቅ የተመለሰችው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ሐረርጌ?

ባሌ ቢያንስ ስም አለው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎታል፣ የቀይ ቀበሮ ገንዘብ ይመጣል፣ ስካውት አለ። ከድሬ የደንገጎን አቀበት ወጥታችሁ እስከ ሐረር፣ ከዚያ እስከ ጋራ ሙለታ ያለውን ደጋ ግን ለእንቁራሪት ብሎ የሚመላለስበት ሰው እምብዛም የለም። ለሳይንስ አዲስ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ፈረንሳዊው ሞካር ፓራካሲና ኩንሂኤንሲስ የምትባለውን እንቁራሪት ሲገልጻት ናሙናዋ የተገኘው ጨርጨር ውስጥ ኩኒ ነው፤ ስሟም ከዚያው የመጣ። የሚገርም እንስሳ ናት። ቀንድ አውጣ ከነቅርፊቱ ትውጣለች። ወገኗ በሙሉ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም።

ሌላም አለ። ስምጥ ሸለቆ ለእኛ በባቡርም በመኪናም የምናቋርጠው መንገድ ነው፣ ለደጋ እንቁራሪት ግን ግንብ ነው። ጥፍር ባላቸው የውሃ እንቁራሪቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዘረመል ጥናት ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያሉት ለረጅም ዘመን እንደተለያዩ አሳይቷል። ታዲያ አንዱ ዝርያ "በመላው ደጋ በብዛት አለ" ተብሎ ሲመዘገብ የኛው ምሥራቁ ወገን ለብቻው እየጠፋ ሊሆን ይችላል፣ ማን አይቶት። የተለመደ የሚባለው እንስሳ ነው እሷን የሚያስጨንቃት። ብርቅዬው ጠበቃ አለው።

ከዚያ የሐረማያ ነገር አለ። የድሬም የሐረርም ሰው ያውቀዋል፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ለሐረር የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ! ከተራራው የተሸረሸረው አፈር ሞላው፣ በየማሳው ዳር የተተከለው ፓምፕ ለጫትና ለአትክልት መጠጠው፣ ሙቀቱም አገዘ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውሃው መመለስ ጀምሯል፣ ሰው ደስ ብሎት ፎቶ ይነሳል። ዶክተሯ እዚያ ዳር ዳር ስትል አንድ አዛውንት ገበሬ አገኟትና በኦሮምኛ እንዲህ አሏት፦ "አንቺ ልጅ፣ ሲደርቅ የት ነበርሽ?" "ተማሪ ነበርኩ አባ" አለቻቸው። እሳቸውም ውሃው ድሮ ይደርስበት የነበረውን ቦታ፣ ሌሊት እንቁራሪቱ ሲጮህ እንቅልፍ ይነሳቸው የነበረበትን ጎን፣ በበትራቸው እየጠቆሙ አሳዩዋት። አጣርታ በካርታ ላይ አሰፈረችው። ጠረጴዛዋ ላይ ካየኋቸው ካርታዎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፣ በአንድ ሽማግሌ በትር የተሠራው።

አሁን እዚያ የምታደርገው ይህ ነው። ዝናብ በሚዘንብባቸው ወራት የተመረጡ ነጥቦች ላይ ስልክ ይዛ ቆማ ድምፅ ትቀዳለች። ወንዶቹ ናቸው የሚጮሁት፣ ሴት ለመጥራት፤ ዝርያው ሁሉ የየራሱ ጩኸት አለው፣ ስለዚህ ሳይነኩ መቁጠር ይቻላል። ስዋብ፣ ያ ለፈንገሱ ምርመራ በጥጥ ዘንግ የሚወሰደው ናሙና፣ በየዓመቱ አይሠራም፣ የላብራቶሪው ኬሚካል በዶላር ነው የሚገዛው። ድምፅ ግን ነጻ ነው። በየወረዳው ያሉ የሳይንስ መምህራንን አሠልጥና በስልካቸው እየቀዱ በቴሌግራም ይልኩላታል። እኔም አለሁበት፤ የኔ ድርሻ ደቻቱ ነው።

ደቻቱን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ድሬን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሲሞላ ግን ጉድ ነው፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፣ የእኔ ዕድሜ የሆነ የድሬ ሰው ያንን ሌሊት አይረሳም። ታዲያ ከዝናብ በኋላ ጥጋጥጉ ላይ ውሃ ሲያቁር ጓጉንቸሮች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይወጣሉ። ልጆቻቸው ጅራታቸውን ጥለው እግር አውጥተው መሸሽ ያለባቸው ኩሬው በፀሐይ ሳይመጠጥ ነው። አንዳንዱን ዓመት ይደርሳሉ፣ አንዳንዱን አይደርሱም። ደቻቱ ዳር በባትሪ ጎንበስ ስል የባጃጅ ሾፌሮች "ቲቸር ምን ጠፋህ?" ይሉኛል። መጀመሪያ ስነግራቸው ሳቁ፤ አሁን እነሱ ናቸው የት የት እንደሚጮህ የሚነግሩኝ። ለድሬ አንድ የምሥራች አለ፤ ኪትሪድ ሙቀት አይወድም፣ የሚመቸው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ወላፈናችን ይቀበለዋል። ላይ ሐረማያና ጋራ ሙለታ ግን ልኩ ነው።

ስለ ጫት ማሳው መርዝ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ አይቻልም። ዲዲቲና ማላታይን ጫት ላይ እንደሚረጭ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ምስጢር አይደለም፣ በርጫ ላይ የተቀመጠውም ሰው ያውቃል፣ ቅጠሉን በውሃ አለቅልቆ ይቀጥላል። ዝናቡ ያንን አጥቦ የሚወስደው ወደ ኩሬና ወደ ጅረት ነው። ዶክተሯ ገበሬውን "አትርጭ" አትልም። አንድ ጊዜ ሞክራው "ልጆቼን አንቺ ታስተምሪያለሽ?" ተብላ ታውቃለች። አሁን የምትጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ የመርዙን ጣሳ ኩሬው ውስጥ አትጠቡ፣ ከውሃው ዳር ጥቂት እርምጃ ሣር ተዉ። አንዳንዱ ይሰማታል። አንዳንዱ አይሰማትም።

ወደ ገንዘቡ። የምትኖረው በመምህርነት ደሞዟ ነው፣ ይህን ልጆች በደንብ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። "የእንቁራሪት ተመራማሪ" የሚባል የሥራ መደብ እኔ አይቼ አላውቅም። ለመስክ ሥራ የሚሆነው ከውጭ ከሚገኙ ትናንሽ ድጋፎች ነው፤ እንደ እንግሊዙ ሩፎርድ ፋውንዴሽን ያሉ፣ ወይም አቡዳቢ ያለው የመሐመድ ቢን ዛይድ የዝርያዎች ጥበቃ ፈንድ፣ ጣሪያው 25,000 ዶላር የሆነው። እነዚህ ደጎች ናቸው፣ ለጀማሪ በር ይከፍታሉ። ግን የሚወዱት ለመጥፋት የተቃረበች አንዲት ዝርያ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ግልጽ ውጤት ነው። "በሐረርጌ የተለመደችውን እንቁራሪት ለሃያ ዓመት ልቁጠር" የሚል ፕሮፖዛል ማን ይገዛል? ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ለባሌ ብርቅዬዎች ድጋፍ ትጠይቃለች፣ በዚያ መቅረጫ፣ ባትሪና የተማሪ አበል ይሸፈናል፤ ፕሮጀክቱ አልቆ የተረፈው ዕቃ፣ ሰጪዎቹ ሲፈቅዱ፣ ወደ ምሥራቅ ይመጣል። የወረቀቱ ጣጣ ሌላ ነው። ናሙና ውጭ ላብራቶሪ ለመላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። አዋጁ ትክክል ነው፣ ድሮ ሁሉም ዘርፎን ሄዷል። ፈቃዱ እስኪወጣ ግን የዝናቡ ወቅት ያልፋል፣ እንቁራሪቷ ደግሞ ፋይል አትጠብቅም።

አሁን ከሁሉ በላይ ያከራከረን ነገር። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ ወባ በድንገት ጨመረ። ምክንያቱ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነው፣ ከእስያ የመጣችው የከተማ ትንኝ። በዚያው በፈረንጆቹ 2022 ደግሞ አንድ ጥናት ወጣ፤ ኮስታ ሪካና ፓናማ ውስጥ ኪትሪድ እንቁራሪቶችን ከፈጀ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የወባ ሕሙማን ቁጥር ጨምሮ ነበር የሚል። ለኔ ዕቁብ እንደ መውጣት ነበር! ደወልኩላት። "በቃ፣ ይኸው፣ እንቁራሪት ወባ ትከላከላለች ብለሽ ጻፊ፣ ገንዘቡ ይጎርፋል።" አንድ የቢሮ ሰውም ያንኑ ነገራት፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ ብሎ።

እምቢ አለች። "የኛ ትንኝ የምትፈለፈለው የት ነው? በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ ግንባታ ላይ በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ። ጓጉንቸር ሮቶ ላይ ወጥታ አይተህ ታውቃለህ? የዚያ አገር ጫካ ሌላ፣ የሳቢያን ኮንዶሚኒየም ሌላ። ዛሬ ይህን ብዬ ገንዘብ ብወስድ ነገ ወባው ሳይቀንስ ሲቀር ማን ያምነኛል?" ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ገንዘብ ከሌለ እውነቱ ብቻውን ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ግን አሁን ሳየው ልክ ነበረች ብዬ ነው የማስበው። ገበሬውም፣ መምህሩም፣ የውሃ ቢሮውም ሰው ስልኳን የሚያነሳው ያልሆነውን ተናግራ ስለማታውቅ ነው። በምትኩ ያቀረበችው ሐሳብ ለጆሮ ደረቅ ነው፦ እንቁራሪት የሚጮህበትን ኩሬ የሚመዘግብ ሰው ኩሬው የደረቀበትን ቀንም ይመዘግባል፣ ያ ደግሞ ለውሃ ሥራ ይጠቅማል። ይህን ማን ያጨበጭብለታል? ግን ሁለት ወረዳዎች መረጃውን ጠይቀው ወስደዋል።

አንድ ስብሰባ ላይ ደግሞ የሆነውን ሰምቼ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ስለ ባቢሌ ዝሆኖች ነበር ስብሰባው። እሷ እጇን አውጥታ በዕቅዱ ውስጥ የኤረር ሸለቆ ኩሬዎችና እንቁራሪቶችም ይግቡ አለች። አንድ ትልቅ ሰው ቀበል አድርገው "ዝሆን አክላለሁ ብላ እንቁራሪት ተሰንጥቃ ሞተች" አሉ። ቤቱ ፈረሰ በሳቅ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ "ጋሼ፣ ዝሆኑስ ውሃ አይጠጣም?" አለቻቸው። በዕቅዱ ውስጥ አንድ መስመር ገባ። አንድ መስመር ነው፣ በጀት የለውም።

"ታዲያ ዓሣ እንደሚረባው እንቁራሪቷንስ አራብተን አናድናትም?" የሚል ተማሪ ሁሌ አለ። መልሱ ታንዛኒያ ውስጥ አለ። ኪሃንሲ በሚባል ገደል፣ ፏፏቴ የሚረጨው ጠብታ ላይ ብቻ የምትኖር ሚጢጢ ጓጉንቸር እ.ኤ.አ. በ1996 ተገኘች። ብዙም ሳይቆይ ለኤሌክትሪክ ግድብ ተሠራ፣ ውሃው ተቀነሰ፣ ጠብታው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ 499 ጓጉንቸሮች ወደ አሜሪካ መካነ እንስሳት ተወሰዱ። የቀሩት ሰው ሠራሽ ርጭት ተዘርግቶላቸው ትንሽ አንሰራርተው ነበር፣ ከዚያ አለቁ፤ ኪትሪድም እዚያ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 "ከዱር ጠፍታለች" ተባለ። መካነ እንስሳት ውስጥ የተዋለዱት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ወደ ገደሉ መመለስ ጀመሩ። ይቻላል ማለት ነው፣ ግን ምን ያህል ዶላር፣ ምን ያህል ዓመት! እና የባሌብሬቪሴፕስን ኑሮ፣ እርባታዋን፣ ምግቧን ማን በቅጡ ያውቃል? ሳያውቁ አራብቶ ማዳን አይሆንም። ለዚህ ነው ዶክተሯ አስታው ሳይቆረጥ የሚቆይበትን መንገድ ከማንኛውም ላብራቶሪ የምታስቀድመው።

ስለዚህ ተማሪ ሲመጣ የምነግረው የማበረታቻ ንግግር የለኝም። ይህን መንገድ የሚፈልግ ልጅ ስታትስቲክስ ይማር፣ ከሁሉ በፊት እሱን፤ እሷ ብዙ ዓመት ያባከነችው የቆጠረችውን መተንተን ስላቃታት ነው። ኦሮምኛ ይልመድ፣ ሐረርጌ ላይ ያለ ኦሮምኛ መስክ መውጣት ራስን ማታለል ነው። ሞተር ሳይክል መንዳት ይወቅ። እንግሊዝኛ ፕሮፖዛል መጻፍ ይለማመድ፣ ውድቅ ሲደረግበትም አስተያየቱን ያንብብ። የአንድ ወቅት የመስክ ጉዞ ፎቶ አይቶ አይወስን። ቤተሰቡንም አስቀድሞ ያነጋግር፤ ዶክተሯ ስታገባ ስለሌሊት ሥራዋ ከአማቾቿ ጋር የነበረውን ድርድር እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ካሠለጠነቻቸው ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች አንደኛው አሁን ባንክ ነው የሚሠራው። ደሞዙ ከእሷ ይበልጣል፣ ሲያገኛትም ምሳ የሚጋብዛት እሱ ነው። ሁለተኛዋ የግራዋ ልጅ ናት፤ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚወጣውን ጋራ ሙለታን ከፍታ በከፍታ እየከፈለች ድምፅ እየቀዳች ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፏ እሱ ነው። ከቴሌግራሙ መምህራን ግማሽ ያህሉ በዚህ ክረምት መላክ አቁመዋል፤ የካርድ ገንዘብ አልቋል፣ ከሚቀጥለው ድጋፍ በፊት ደግሞ የሚገኝ አይመስልም። የደቻቱን እኔ እየላክሁ ነው።